ከእንጉርጉሮ ወደ ዘፈን፤ ስለ አንጋፋው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያና ስለ «ላላ በሉ»

ከመድረክ ርቆ ብዙ ዘመን የቈየ የሙዚቃ ባለሙያ በሽምግልናው ወራት አዲስ ሥራ ይዞ ብቅ ሲል ሕዝቡ «ተመለሰ» ይለዋል። ይህ አነጋገር ሁለት ነገሮችን ሳይመረምር እንደ እውነት ይቀበላል፤ አንደኛ ባለሙያው ከሙያው ሄዶ እንደ ነበረ፥ ሁለተኛም ይዞት የመጣው ነገር አዲስ እንደ ሆነ። በኢትዮጵያ ሙዚቃ ግን ሁለቱም እንዲህ በቀላሉ የሚወሰኑ አይደሉም። ዜማ ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚወራረስበት፥ አንዱ ቅኝት በብዙ አፍ ሲዘፈን በሚኖርበት ልማድ ውስጥ «አዲስ ሥራ» የሚባለው ምኑ አዲስ ሲሆን ነው? ለሃያ ዓመት በአደባባይ ያልተሰማ ባለሙያስ ሄዶ ነበር ሊባል ይገባልን?

ለዚህ ጥያቄ መመርመሪያ የሚሆን አንድ ግልጽ ምሳሌ አለ። እርሱም የቀድሞው የዋልያስ ባንድ የኦርጋንና የአኮርዲዮን ተጫዋች አቶ ኃይሉ መርጊያ በ2018 ዓ.ም. ያወጡት «ላላ በሉ» የተባለው አልበም ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል። አልበሙ በውጭ አገር ጋዜጦች የአንድ ተረስቶ የነበረ ሰው መመለስ ተብሎ ተወራለት። ነገሩ ከአገሩ ልማድ አንጻር ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው፤ ይህንንም ለማየት አስቀድሞ አዲስነት በነባሩ ሙዚቃ ዘንድ በምን እንደሚለካ መረዳት ይገባል።

አዲስነት በነባሩ ልማድ

አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በሠርግ ዳስ ወይም በጠጅ ቤት ሲቆም የሚጫወተው ዜማ ከተሰብሳቢው ለአንዱም እንግዳ አይደለም። አድማጩ ጆሮውን አቅንቶ የሚጠብቀው ግጥሙን ነው። ከተቀመጡት አንዱ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በዚያው በታወቀው ዜማ ላይ ያስኬደዋል፤ ሰሙን ለሁሉ፥ ወርቁን ለሚገባው ያደርሳል። ሳቁም ሽልማቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ዜማው የሁሉ ሀብት ሲሆን ግጥሙ የዕለቱ ነው። አዲስነት የሚኖረው በቃሉ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ቅኝቶቹም እንዲሁ የጋራ ሀብት ናቸው። በመካከለኛውና በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ዓለማዊ ዘፈን የሚታወቁት አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲሆኑ፥ እያንዳንዱ አምስት አምስት ድምፅ አለው። ሙሉ ትዝታ የሚባለው በአውሮፓውያን አጠራር ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ የሌሎቹ ልዩነት በአምስቱ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት የሚሰፋበትና የሚጠብበት ስፍራ ነው። የአንቺሆዬ ርቀቶች እጅግ ያልተመጣጠኑ በመሆናቸው ለእንግዳ ጆሮ ከሁሉ ይልቅ እርሱ ይከብዳል።

«ትዝታ» የሚለው ስም በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቃሉ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይጠራል፤ ቅኝቱን፥ በቅኝቱ የሚዘፈነውን አንዱን ዘፈን፥ ደግሞም ያለፈውን የማስታወስ የልብ ሁኔታ። ዘፈኑ አንድ ሆኖ ሳለ አድማጮች «የማሕሙድ ትዝታ»፥ «የጌታቸው ካሳ ትዝታ»፥ «የበዛወርቅ ትዝታ» ብለው ይለያሉ። ከእነዚህ ዘፋኞች ማናቸውም የትዝታን ዜማ ፈጠርኩ አይሉም፤ ሆኖም ትዝታው የእያንዳንዳቸው ነው። ባለቤትነቱ የተገኘው ከዜማው መፈጠር ሳይሆን ከአዘፋፈኑ፥ ከግጥሙና ከድምፁ ነው። አንድን ነባር ዜማ እንደ ገና ማዜም በዚህ ልማድ ድግግሞሽ አይባልም፤ ባለሙያው የራሱን ድርሻ የሚያስመዘግብበት መንገድ ነው።

ከዚህ ጋር መታየት ያለበት ሌላ ልዩነት አለ፤ እርሱም በዘፈንና በእንጉርጉሮ መካከል ያለው ነው። ዘፈን ሰሚ ይፈልጋል፤ ከሰሚም አልፎ ተቀባይ ይፈልጋል። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ካልመለሰ፥ እጁን ካላጨበጨበ፥ ዘፈኑ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። እንጉርጉሮ ግን ሰው ለራሱ የሚያዜመው ነው። ሴቲቱ በወፍጮ ላይ ተደፍታ፥ እረኛው በሜዳ፥ ኀዘንተኛው በቤቱ ጥግ ያንጎራጉራል። የሚቀበለው የለም፤ እንዲቀበለውም አይጠብቅም። ከዚህ በታች የሚነገረው ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ነው።

ያለ ቃል መዝፈን

አዲስነቱ በግጥሙ የሚታወቅ ሙዚቃ ግጥሙ ቢወሰድበት ምን ይቀረዋል? ይህ ጥያቄ በተግባር የተነሣው «ረቂቅ ሙዚቃ» በሚባለው፥ ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ በሚቀርበው ሙዚቃ ነው።

የውጭ አገር መሣሪያዎች በኢትዮጵያ ሥር የሰደዱት በመጀመሪያ በማርሽ ባንድ አማካይነት ነበር። በ1924 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፋስ መሣሪያዎችን ተጫወቱ። ከጠላት ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊት፥ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች ተቋቋሙ፤ ዘፋኞቹም ተጫዋቾቹም ከእነዚህ ውስጥ ወጡ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በሆቴሎችና በማታ ክበቦች የሚጫወቱ የግል ባንዶች በዙ። በ1969 ዓ.ም. አቶ አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም ሥራ በመንግሥት በተፈቀደለት ማኅበር እጅ ብቻ በነበረበት ጊዜ በግላቸው አሳታሚነት ሥራ ጀመሩ፤ ይህም ለዘመናዊው ዘፈን መስፋፋት ትልቅ በር ከፈተ።

አቶ ኃይሉ መርጊያ የዚህ ዘመን ሰው ናቸው። በ1946 ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው በደብረ ብርሃን ካደጉ በኋላ በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። አኮርዲዮን መጫወት የጀመሩት በ14 ዓመታቸው ግድም ሲሆን፥ ጥቂት ጊዜ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ቈይተው በየክበቡ እየተዘዋወሩ መጫወት ቀጠሉ። በዚያ ዘመን አኮርዲዮን በአዲስ አበባ የተወደደ መሣሪያ ነበር። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ በትከሻ ይያዛል፤ ወናፉ ሲሰፋና ሲጠብ እንደ ሰው ትንፋሽ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ኋላ ኦርጋን ተተካበት። አቶ ኃይሉም ወደ ኦርጋን ዞሩ፤ ነገር ግን የአኮርዲዮኑ ትንፋሽ ከጣታቸው አልጠፋም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫወተ። በ1977 ዓ.ም. ያወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ሙሉ በሙሉ ረቂቅ ሙዚቃ መሆኑ በወቅቱ ያልተለመደ ነበር። አቶ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፉበት ሲሆን፥ ኋላ በብዙ አገሮች የታወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የአቶ ግርማ በየነ ድርሰትም በዚሁ ውስጥ ይገኛል። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ አቶ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን ሠሩ።

ረቂቅ ሙዚቃ በዚያን ጊዜ ለምን እንደ ተስፋፋ ሲጠየቅ ብዙ ምክንያት ይሰጣል። የሆቴል እንግዳ ከራቱ ጋር ለስላሳ ሙዚቃ ይፈልግ ነበር። ከዚህም ሌላ ከ1974ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግጥም በጥብቅ ይመረመር ነበር፤ ቃል የሌለው ዜማ ግን ለመርማሪ የሚያቀርበው ቃል የለውም። የሰዓት እላፊ በታወጀበት ወቅት በክበብ የመሸበት ሰው እስኪነጋ እዚያው ስለሚቈይ፥ ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ነበረበት፤ ረጅም ሰዓትም ረጅም ሙዚቃ ይጠይቃል።

ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን ውጤቱ አስደናቂ ነው። ዜማው የታወቀ በመሆኑ ኢትዮጵያዊው አድማጭ የጐደለውን ግጥም በልቡ ይሞላ ነበር። ተጫዋቹ ዝም ሲል አድማጩ በውስጡ ይዘፍናል። ቃሉ ሲወሰድ አዲስነት የሄደው ወደ ድምፁ ዓይነት፥ ወደ ምቱ፥ ወደ ጣት አጣጣሉና ዜማውን ወደ ማስጌጡ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ ለባለሙያው አንድ ጉዳት ነበረው። ረቂቅ ሙዚቃ በሬዲዮ በዜናና በማስታወቂያ መካከል፥ በሆቴልም ከወሬ ጀርባ ስለሚሰማ፥ ዜማውን የሚያውቅ እንጂ የተጫዋቹን ስም የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የዝምታው ዓመታት

በ1981 ዓ.ም. ዋልያስ ባንድ ሙዚቃውን ለማሳየት ወደ አሜሪካ ሄደ። ጉዞው ሲፈጸም ከአባላቱ ገሚሶቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አቶ ኃይሉን ጨምሮ ሌሎቹ በዚያው ቀሩ። በዋሽንግተን የቀሩት ዙላ ባንድ የተባለ ሌላ ባንድ አቋቁመው ለጥቂት ዓመታት ተጫወቱ። ሰሚዎቻቸው በአብዛኛው በዚያን ወቅት ከአገር የወጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በ1985 ዓ.ም. አቶ ኃይሉ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። የልጅነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፥ ሙግ ከሚባለው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ፥ ያማሃ ዲ-ኤክስ 7 ከተባለው ኦርጋንና ምትን በራሱ ከሚመታ መኪና ጋር አዋሐዱት። የባንዱን ሰዎች ሥራ አንድ ሰው በየተራ እየደራረበ የፈጸመበት ነው። ከዜማዎቹ አንዱ «ሸሞንሟናዬ» የተባለው ነባር ዘፈን ነው። ካሴቱ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ተሸጠ፤ ተደመጠም፤ ከዚያ በኋላ እንደ ብዙዎቹ ካሴቶች በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ካሴት ጥቂት መናገር ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ሸክላ ማሳተም በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲቆም የሙዚቃ መሸጫው ካሴት ብቻ ሆነ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በየሱቁም ይገለበጣል፤ ስለዚህ ዜማው በፍጥነት ሲስፋፋ ለባለሙያው የሚደርሰው ገንዘብ ያንኑ ያህል ያንሳል። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሀብት የደነገገው ቢኖርም፥ ራሱን የቻለ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ባለው ጊዜ አዲስ ሥራ ማውጣት ከክብሩ በቀር ለብዙ ሙዚቀኛ እንጀራ አልሆነም።

ዙላ ባንድ ከተበተነ በኋላ አቶ ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሹፌር ሆነው ሠሩ። አዲስ ሥራ አላወጡም፤ ስማቸውም ከመድረክ ጠፋ። ነገር ግን በታክሲያቸው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኦርጋን ይዘው ይሄዱ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣላቸው ሲጠብቁ፥ ወደ ኋላ ወንበር አልፈው ወይም ኦርጋኑን ከዕቃ መጫኛው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ይህን ጉዳይ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ደጋግመው ተናግረዋል።

ይህ ነገር እንደ አንድ አስገራሚ ወሬ ብቻ መታየት የለበትም። ከላይ በተሰጠው ልዩነት ቢመዘን፥ የአቶ ኃይሉ ሙዚቃ በእነዚያ ዓመታት አልጠፋም፤ ከዘፈን ወደ እንጉርጉሮ ተለወጠ። ተቀባይ አልነበረም፤ እጅ የሚያጨበጭብም አልነበረም። ይሁን እንጂ ዜማው ከሰውዬው ጋር በየቀኑ ይኖር ነበር። በወፍጮ ላይ የምታንጎራጉረዋን ሴት «ሙዚቃ ትታ ነበር» የሚላት እንደሌለ ሁሉ፥ ሰውዬውን ከሙያው ሄዶ ነበር ማለት ከባድ ነው።

ከባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በውጭ አገር ሰሚ ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኤትዮፒክስ» በሚል የጋራ ርእስ የድሮ ሸክላዎችን በተከታታይ አሳተሙ። በ2005 ዓ.ም. የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ደግሞ የአቶ ሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ለብዙ ሕዝብ አሰማ።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለው አሜሪካዊ አሳታሚ የአቶ ኃይሉን የ1985 ካሴት ያገኘው በባሕር ዳር ከተማ ነው። «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው ድርጅቱ ከአፍሪካ ገበያዎች የተሰበሰቡ ካሴቶችን እየመረጠ ከባለቤቶቹ ጋር እየተዋዋለ የሚያሳትም ነው። አቶ ኃይሉን በስልክ አግኝቶ ተስማሙ፤ ካሴቱም በ2013 ዓ.ም. ታተመ። «ቼ በለው» በ2014፥ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። አቶ ኃይሉም በዚህ ምክንያት በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች እንደ ገና መጫወት ጀመሩ።

የድሮ ሥራ መታተም ለባለሙያው በረከት ቢሆንም አደጋም አለበት። ሰሚው የወደደው የ1970ዎቹን ሰው ነው። የቴፑ ሽርሽርታ፥ የድምፁ መደብዘዝ፥ የጠፋ ዘመን ሽታው ሳይቀር ይወደዳል። እንዲህ ያለው አድማጭ ሕያው ባለሙያ ፊቱ ቆሞ ሳለ የሚያየው የሞተውን ዘመን ነው፤ ከባለሙያውም የሚጠብቀው ያንኑ ደጋግሞ እንዲጫወትለት ነው። የድሮው ሥራ ሲከፈለው የሚከፈለው ለነበረው ሰው ነው፤ አሁን ያለው ሰው ግን ገና አልተሰማም። ሰባ ዓመት ያለፈው ባለሙያ አዲስ አልበም ለማውጣት ሲነሣ ዋናው ፈተና ይህ ነበር።

«ላላ በሉ»

አልበሙ የወጣው በፌብሩዋሪ 2018 ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት፤ «ትዝታ»፥ «አዲስ ናት»፥ «ጉም ጉም»፥ «አንቺሆዬ ለኔ»፥ «ላላ በሉ»፥ «የፍቅር እንጉርጉሮ»። ከአቶ ኃይሉ ጋር የተጫወቱት በድራም ቶኒ በክ፥ በቤዝም ማይክ ማይኮቭስኪ ሲሆኑ፥ ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው። ከመታተሙ አስቀድሞ በብዙ መድረክ አብረው ስለ ተጫወቱ አልበሙ የሦስት ሰዎች ጭውውት መልክ አለው።

ክፍሎቹ ከነባር ዜማም ከራሳቸው ከአቶ ኃይሉ ድርሰትም የተውጣጡ ናቸው። የመጀመሪያው «ትዝታ» ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በአኮርዲዮን ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ዜማው ተዘርግቶ እስኪታወቅ ድረስ ምቱ ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ድራሙና ቤዙ እየገፉ ሲሄዱ ነባሩ ዜማ ራሱን ሳይለቅ ወደ ሌላ ስፍራ ይደርሳል። ከዚህ በላይ ስለ ትዝታ የተነገረውን ያስታወሰ አንባቢ ምርጫው ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳል። «አዲስ ሥራ» የተባለው አልበም የሚከፈተው ከሁሉ ይልቅ በታወቀው ዜማ ነው። በአውሮፓውያን አስተሳሰብ ይህ ተቃርኖ ይመስላል፤ በኢትዮጵያ ልማድ ግን ባለሙያ ራሱን የሚያሳውቀው እንዲህ ነው። ከእንግዲህ «የኃይሉ ትዝታ» ማለት ይቻላል።

የአልበሙ ስም ለሁለት ትርጓሜ የተመቸ ነው። «ላላ በሉ» ቢባል «ላላ እያላችሁ ተቀበሉ» ማለት ይሆናል፤ ደግሞም «አትጨነቁ፥ ዘና በሉ» የሚል ፍች አለው። ሁለቱም ትእዛዞች በብዙ ቍጥር የተነገሩ ናቸው፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰሚ የተሰነዘሩ ናቸው። የመጨረሻው ክፍል ስም ግን «የፍቅር እንጉርጉሮ» ነው። በዚህ ክፍል ድራምና ቤዝ የሉም፤ አቶ ኃይሉ በፒያኖ ብቻቸውን ይጫወታሉ። እንግዲህ በአንድ አልበም ውስጥ ተቀባይን የሚጠራ ዘፈንና ተቀባይን የማይጠብቅ እንጉርጉሮ ጐን ለጐን ቆመዋል። ይህ አቀማመጥ ታስቦበት የተደረገ ይሁን አይሁን፥ የሰውዬውን የሠላሳ ዓመት ታሪክ በአጭሩ ይገልጻል።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። ምቱን የመቱት የውጭ አገር ሰዎች ከሆኑ፥ ሰሚውም አማርኛ የማያውቅ ከሆነ፥ ሙዚቃው የማን ነው? ለመጀመሪያው ክፍል መልስ መስጠት አይከብድም። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ከአርባ ልጆች ጀምሮ ከእንግዳ እጅ ጋር ተባብሮ ያደገ ነው፤ ዋልያስ ራሱም የአሜሪካን የዳንስ ምት ከቅኝት ጋር ያጣመረ ባንድ ነበር። ሁለተኛው ግን ጥልቅ ነው። ኢትዮጵያዊው ሰሚ «አንቺሆዬ»ን ሲሰማ የቀረውን ግጥም በልቡ ይሞላል፤ ባዕዱ ሰሚ የሚሞላው የለውም። ለአንዱ ትዝታ የሆነው ለሌላው ውብ ድምፅ ብቻ ነው። በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አንዱን ሙዚቃ ሲሰሙ ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ይሰማሉ ማለት ነው። ይህም ሆኖ ባዕዱ ሰሚ ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ የአገሩ ሰሚ ከወሬ ጀርባ ያስቀመጠውን ሙዚቃ ፊቱን አዙሮ ሰማ፤ የተጫዋቹንም ስም ጠየቀ።

የግርማ በየነ መንገድ

ነገሩን ከሌላ መመለስ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። አቶ ግርማ በየነ በ1981ዱ ጉዞ ከነበሩት ውስጥ ናቸው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለታላላቅ ዘፋኞች ብዙ ዘፈን ያቀናበሩ ፒያኒስት ሲሆኑ፥ በራሳቸው ድምፅ በሸክላ ያስቀረጹት አራት ዘፈን ብቻ ነው። እርሳቸውም በአሜሪካ ቀርተው በነዳጅ ማደያ ሲሠሩ ብዙ ዓመት ከሙዚቃ ራቁ፤ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ2017 ዓ.ም. አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ያወጡት አልበም በ«ኤትዮፒክስ» ተከታታይ 30ኛ ሆኖ ታትሟል። ይዘቱ በአብዛኛው ቀድሞ ለራሳቸውና ለሌሎች የሠሯቸው ዘፈኖች እንደ ገና የተዘፈኑበት ነው።

ሁለቱ መመለሶች ልዩነት አላቸው። አቶ ግርማ ለሌሎች ሰዎች ያቀናበሩትን በራሳቸው የሸመገለ ድምፅ ሲዘፍኑት፥ በጊዜው በሌላ ሰው ስም የታወቀው ሥራ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ስለዚህ አዲስነቱ በባለቤትነቱ ነው። የአቶ ኃይሉ አዲስነት ግን በአጨዋወቱ ነው። አንዱ የነበረውን የእኔ ነበር አለ፤ ሌላው ዛሬም አለሁ አለ። ሁለቱም በነባሩ ልማድ የታወቁ መንገዶች ሲሆኑ፥ ከሁለቱ አንዳቸውም ያልተሰማ ዜማ መፍጠርን የግድ አይጠይቁም።

አቶ ኃይሉ በዚህ አልቆሙም። በ2020 ዓ.ም. «የኔ ምርጫ» የተባለውን ሌላ አልበም አወጡ። በዚህኛው ማሲንቆና የዘፋኝ ድምፅ ገብተዋል፤ ከቀድሞው ዋልያስና ከዙላ ባንድ የሚያውቋቸው ሳክስፎን ተጫዋቹ አቶ ሞገስ ሀብቴም ተሳትፈዋል። ከዜማዎቹ አንዱ «ሸመንደፈር» ሲሆን፥ ይህም ከእርሳቸው እጅግ በኋላ ከመጣው ከዘፋኙ ከቴዎድሮስ ካሳሁን የተወሰደ ነው። አንጋፋው ከወጣቱ ዜማ ተቀብሎ በራሱ አኳኋን ሲያስኬደው፥ አዝማሪው ከተሰብሳቢው ስንኝ ከሚቀበልበት ሥርዓት ጋር መመሳሰሉ ግልጽ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። በኢትዮጵያ ሙዚቃ አንድ ሥራ አዲስ መሆኑ በዜማው ቀድሞ አለመሰማት አይለካም። ግጥም ባለበት በግጥሙ፥ ግጥም በሌለበት በአጨዋወቱ ይለካል፤ ሚዛኑም «የእገሌ ትዝታ» የሚለው የሕዝቡ አነጋገር ነው። በዚህ ሚዛን «ላላ በሉ» ከግማሽ በላይ ነባር ዜማ እንኳ ቢኖረው አዲስ ሥራ ከመባል የሚያግደው የለም።

መመለስ የሚለውም ቃል እንደ ገና ሊታሰብበት ይገባል። አቶ ኃይሉ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በተሰለፉት ታክሲዎች መካከል ትንሹን ኦርጋን ሲነኩ የነበሩት ሰው ናቸው፤ በ2018 የተጫወቱትም እነዚያው ጣቶች ናቸው። በመካከሉ ሄዶ የነበረው ሰሚው ነው። ሰሚው ሲመለስ እንጉርጉሮው ዘፈን ሆነ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ለጥናት የሚቀርበው ሥራ ሰፊ ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በአዲስ አበባ በጽሕፈት ቤት፥ በሱቅና በመኪና ውስጥ ሥራቸውን እየሠሩ ለራሳቸው የሚያንጎራጉሩ የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ጥቂት አይደሉም፤ ለእያንዳንዳቸው ካሴት ከባሕር ዳር ይገኝላቸዋል ማለትም አይቻልም። የእነርሱን ዜማና ታሪክ በሕይወት ሳሉ መቅረጽና መመዝገብ የባህል ተመራማሪዎች ድርሻ ነው፤ ተቀባይ ያላገኘ እንጉርጉሮ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራልና።